ዘይት የሚጠጣው በር

«ወዴት ነው?»

ዚነት ጥያቄውን ጠብቃው ነበር። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ቆማለች። አባቷ ጀማሉዲን እንደ ሁልጊዜው በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ክርኑን ባንኮኒው ጫፍ ላይ ባለችው ተነሺ ሳንቃ አስደግፏል። ያቺ ሳንቃ ካልተነሳች ከቤት መውጣት አይቻልም። ሳንቃዋ እንድትነሳ ደግሞ መጀመሪያ የአባቷ ክርን መነሳት አለበት።

«ላይብረሪ» አለች። «ለሚኒስትሪ ላጠና።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ይህኛው ውሸት ነበር። አባቷ ቀና ብሎ ደመናውን አየት አደረገ፤ ቦንጋ ላይ ደመና ማየት ሰዓት እንደማየት ነው። «ዝናቡ ሳይመጣ ተመለሺ» አላትና ክርኑን አነሳ። ዚነት ጎንበስ ብላ በሳሙና ካርቶንና በኮረሪማ ጆንያ መሀል ሾልካ ወጣች።

ይህ ጎንበስ ማለት አንገሽግሿታል። ቤታቸው በር አጥቶ አይደለም። እንዲያውም በሰፈሩ ትልቁ በር የእነሱ ነው፤ ባለሁለት ተካፋች፣ አረንጓዴ፣ ፊቱን ለአስፋልቱ የሰጠ። ግን ማንም አይከፍተውም። ከውስጥ መወርወሪያው ተወርውሮ፣ በላዩ ላይ ቡፌ ተገትሮበት፣ ዚነት ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ጓሮው ደግሞ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ በዚያ በኩል መውጫ ያለው ለጉሬዛ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰውም ዕቃም የሚገባው በሱቁ ነው። ለኢድ የሚመጡ እንግዶች ሽቷቸውን ተቀብተው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በሳንቃዋ ሥር ያጎነብሳሉ። አልጋ የተገዛ ጊዜ ተፈታትቶ ነው የገባው። የክፍል ልጆች ይህን ሰምተው ስም አውጥተውላታል፤ «በር የለሽ» ይሏታል። ዚነት አብራ ትስቃለች እንጂ ውስጧ ይበግናል። መውጣት መግባቷን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አባት ያላት ሌላ ልጅ አታውቅም። አንዳንዴ ቤት ሳይሆን ጠርሙስ ውስጥ የምትኖር ይመስላታል፤ አንድ አፍ ያለው፣ እሱም ላይ ክዳን የተደፋበት።

በሩ ለምን እንደተዘጋ ጠይቃለች። «ጎርፍ ይገባል» ትላለች እናቷ ሙስሊማ። «ሌባ» ይላል አባቷ። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳን መልሳቸውን ለማስማማት ተጨንቀው አያውቁም። ከሁሉ የሚገርማት ግን የእናቷ ነገር ነው። ዓመት በዓመት፣ የአረፋ ዋዜማ፣ ሙስሊማ ቡፌውን ገፋ ታደርግና የዶሮ ላባ ዘይት ውስጥ እየነከረች የበሩን ማጠፊያዎች ትቀባለች።

«ለማይከፈት በር ዘይት ምን ያደርግለታል?» ብላት ነበር አምና።

«እንዳይዝግ።»

«ቢዝግስ?»

እናቷ ላባውን መልሳ ዘይቱ ውስጥ ነከረችው።

ዝማሬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሣር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። የዝማሬ ቤት ከአረንጓዴው በር ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዳቦ ይካፈላሉ፤ የሒሳብ መልስ ይኮራረጃሉ። ሰፈራቸው ሲደርሱ ግን አንዷ በወዲህ፣ አንዷ በወዲያ ዳር ይሄዳሉ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። እናቶቻቸው ሰላም እንደማይባባሉ እያዩ አድገው ነው። የዝማሬ እናት እትዬ የሻረግ ጨው ሲያልቅባቸው እንኳን ፊት ለፊታቸው ያለውን ሱቅ ትተው፣ ዳገቱን ወጥተው ነው የሚገዙት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ተረት በእነሱ መንገድ ያለፈ አይመስልም።

«ቅዳሜ ዕቃ ጭነን እንሄዳለን» አለች ዝማሬ፣ ገና ዚነት ሳትቀመጥ።

መንገዱ ሊሰፋ ነው። በዝማሬ በኩል ያሉት ቤቶች ቀይ ቀለም ከተቀቡ ሰንብተዋል፤ ለቤተሰቦቹም ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ዚነት ይህን ታውቃለች። ቀኑ ግን ሩቅ ነው ብላ ራሷን ስታታልል ከርማ ነበር።

«በባጃጅ እኮ ቅርብ ነው» አለች።

«አባትሽ ነው ባጃጅ የሚያሳፍርሽ? አቦ ተይኝ!» ዝማሬ ሣር ነጭታ በተነችው። «እኔ እንደሆነ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምገባው። በቃ፣ አለቀ። እናቴ ደግሞ ስታለቅስ ነው የምትውለው። ሳልሄድ ያቺን ሴት አንድ ነገር ልጠይቃት ትላለች።»

«የትኛዋን ሴት?»

«እናትሽን ነዋ። ‹ልጇን ባጠባሁላት ምን በድያት ነው በር የዘጋችብኝ?› ብዬ ልጠይቃት ትላለች።»

ዚነት ሳቀች። «ማንን ነው ያጠቡት ደግሞ?»

«አንቺን።»

«ሙድ አትያዢብኝ!»

ዝማሬ አልሳቀችም። «እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። አንቺ ስትወለጂ እናትሽ ሆስፒታል ተኝታ ነበር አሉ። እናቴ በአንድ ጡቷ አንቺን፣ በአንድ ጡቷ እኔን። ከዚያ እናትሽ ድና ስትመጣ በሩን ጠረቀመችባት። ያንን አረንጓዴ በር። ውለታዋ እሱ ነው።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «እናትሽን ጠይቂያት። ደግሞ ጎርፍ ምናምን ብላ እንዳትሸውድሽ።»

ዚነት ወደ ቤት ስትመለስ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። አባቷ ክርኑን አነሳላት፤ እሷም ቀና ብላ ሳታየው አለፈች። እናቷን ያገኘቻት ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ኮረሪማ ስትለቅም ነው።

«እማ፣ እትዬ የሻረግ አጥብተውኛል?»

የሙስሊማ እጅ ባለበት ቀረ። መጀመሪያ ወደ ሱቁ ዞራ አየች፤ ከዚያ ዚነትን ጎትታ ማድቤት አስገባቻትና መዝጊያውን ገርበብ አደረገችው።

«ማን ነገረሽ?»

«አጥብተውኛል ወይ?»

«አጥብታሻለች» አለች እናቷ፤ የማገዶ እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። «አንቺን ወልጄ ደም አልቆም ቢለኝ ጅማ ወሰዱኝ። አባትሽም አብሮኝ ሄደ። ዘመዶቻችን ሩቅ ናቸው፤ ከእሷ በቀር ማን ነበረን? የሻረግ ዝማሬን ታጠባ ነበር። አንቺንም አቅፋ እዚሁ እኛ ቤት እያደረች አጠባችሽ። በዚያ በር ስትገባ አታንኳኳም ነበር እኮ። ቤቷ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ስንመለስ አሞሽ አገኘንሽ፤ ትኩሳት። እሷም ጨንቋት እንደ እምነቷ ጸልያ፣ ዝማሬ አንገት ላይ ያለውን ዓይነት ማተብ ላንቺም አስራልሻለች። በተንኮል አይደለም። ለልጇ ያደረገችውን ነው ላንቺም ያደረገችው። አባትሽ ግን ማተቡን ሲያይ ዐይኑ ቀላ። እንቅልፍ ያጣ፣ ሞቴን ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ነው። እሷ ለሙስሊማ ሙቅ ላምጣላት ብላ ወደ ቤቷ ስትሻገር፣ እሱ እዚያ በር ላይ ቆሞ ማለ።»

«ምን ብሎ?»

ሙስሊማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹የሻረግ ሁለተኛ በዚህ በር ከገባች፣ ወላሂ ሙስሊማ ፈት ትሁን!› አለ።»

ዚነት ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ቆይቶ ነው የገባት። ጎረቤቲቱ አንድ እግሯን ብታስገባ የእናቷ ትዳር ያበቃል ማለት ነው። ለዓመታት ቡፌ የተደገፈበት ጎርፍም ሌባም ሳይሆን ይህ ኖሯል።

«እና በሩን የዘጋው አባ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «የሻረግ ሙቁን ይዛ ስትሻገር በመስኮት አየኋት። ሳታንኳኳ እንደምትገባ አውቃለሁ። ከፍራሹ ተነስቼ እየዳህኩ ሄጄ መወርወሪያውን ወረወርኩት። ስትገፋው እምቢ አላት። ‹ሙስሊማ፣ ክፈቺልኝ እንጂ፣ ሙቁ ቀዘቀዘ› ትለኛለች። እኔ ከውስጥ በሩን ተደግፌ፣ አፌን በሻሼ ይዤ አለቅሳለሁ። ደጋግማ ጠራችኝ። በኋላ ዝም አለች።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ምን ብዬ? ልጄን ያዳንሽው እህቴ፣ እግርሽ ትዳሬን ያፈርሰዋል ልበላት? ሰውስ ቢሰማ? ሙስሊማ ፈት ናት፣ ሙስሊማ ፈት አይደለችም እየተባልኩ የገበያ ወሬ ልሆን ነው። ዛሬ ልነግራት፣ ነገ ልነግራት ስል ዓመት ዓመትን ወለደ።»

«አባስ ምን አለ?»

«ያኔውኑ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሼኹን ጠይቃቸው፣ መላ አያጡለትም አልኩት። ‹እንዲህ ብዬ ማልኩ ብዬ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?› አለኝ። ከዚያ የሱቁን ግድግዳ አስፈርሶ በዚያ መውጣት መግባት ጀመርን። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄ ነው።»

ዚነት አሰብ አደረገች። «በሱቁ ቢገቡስ? አባ የማለው በዚያ በር ነው።»

«በሱቁ?» እናቷ በምሬት ፈገግ አለች። «አባትሽ ሳንቃዋ ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ማን ይጥራት? እሱ አፍሮ አይናገር፣ እኔ ፈርቼ አልናገር። መንገድስ አልጠፋም ነበር፤ አፍ ነው የጠፋው።» ከዚያ በድንገት የዚነትን ሁለት እጆች ጭብጥ አድርጋ ያዘቻቸው። «ይሄ ነገር ከአፍሽ ቢወጣ ይቅር አልልሽም። ለዝማሬም ቢሆን። ወላሂ በይ።»

ዚነት «እሺ» አለች እንጂ አልማለችም። መሐላ ምን እንደሚሠራ ገና አሁን ሰምታለች።

በማግስቱ ዝማሬ ዴስካቸው ላይ ቀድማ ተቀምጣ ነበር።

«ጠየቅሻት?»

ዚነት እስክሪብቶዋን ፈለገች። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። «ጎርፍ ነው አለችኝ» አለች።

ዝማሬ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ደብተሮቿን ሰብስባ መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ብቻውን የነበረ ልጅ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ዚነት መምህሩ የሚጽፉትን ሁሉ ገለበጠች፤ አንድም ቃል ግን አላነበበችም። አሁን እሷም በር ዘግታለች። እናቷ ከዘጋችው የሚለየው ዘይት የሚቀባው ማጠፊያ እንኳን የሌለው መሆኑ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካፊያው አላቆመም። አባቷ ከጁምዓ ተመልሶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። እናቷ ማድቤት ናት። ዚነት ሳሎን ውስጥ የፈተና ወረቀት ዘርግታ፣ በመጋረጃው ክፍተት ማዶውን ታያለች። ዝማሬ ቤት ደጃፍ ላይ አይሱዙ ቆሟል፤ ነገ ለሚጫነው ዕቃ ላስቲክ ያለብሳሉ። የተገለበጠ ጠረጴዛ፣ የታሰረ ፍራሽ፣ የዶሮ ቆጥ ዝናብ ላይ ወጥቷል። ዚነት ማየቱን ተወችና አንገቷን ደፋች።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

የሱቁ አይደለም። አረንጓዴው ነው። በሕይወቷ ይህ በር ሲንኳኳ ሰምታ ስለማታውቅ መጀመሪያ ቡፌው ውስጥ አይጥ የገባ መሰላት። እንደገና ተንኳኳ፤ የቡፌው ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

«ሙስሊማ?» አለ ድምፅ ከውጭ። «የሻረግ ነኝ። ነገ ልሄድ ነው። ለጠብ አይደለም የመጣሁት።»

ዚነት ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ መንቀሳቀስ ግን አቃታት። ዝም ብትል ይሄዳሉ። ነገ አይሱዙው ይነሳል፤ እናቷም በየአረፋው ዋዜማ ላባ ዘይት ውስጥ እየነከረች ትኖራለች። ከዚያ ዚነትም ታድግና፣ ዝምታውን እንደ ቡፌው ትወርሰዋለች። ደግሞ መክፈት ትችላለች። ቡፌውን ገፋ፣ መወርወሪያውን ሳብ፣ በቃ። ይህን ያህል ዓመት ዘይት የጠጣ በር ሲጥ እንኳን አይልም፤ ያስፈራትም እሱ ነው። እትዬ የሻረግ ሲከፈትላቸው ዘው ይላሉ።

በቡፌውና በግድግዳው መሀል ተጣብቃ ገባችና አፏን ስንጥቁ ላይ አደረገች።

«እትዬ» አለች።

«ማነሽ? ዚነት ነሽ?» ድምፁ በአንዴ ለሰለሰ። «ልጄ። እናትሽ የለችም?»

«አለች።»

«አትከፍትልኝም?»

ዚነት ዐይኖቿን ጨፈነች። እናቷን «እሺ» ብላታለች፤ ይህንን እያወቀች ነው የተናገረችው።

«በዚህ በር ከገቡ እናቴ ትፈታለች» አለች። አንዴ ከጀመረች ወዲያ ቃላቱ ተገፋፍተው ወጡ። «ማተቡን ያየ ቀን አባቴ ምሎ ነው። ፈት ትሁን ብሎ። እናቴ በሩን የዘጋችው ጠልታዎት አይደለም፤ ሳያንኳኩ እንደሚገቡ ስለምታውቅ ነው። ሙቁን ይዘው የመጡ ጊዜ ከውስጥ ሆና እያለቀሰች ነበር። እዚህ ጋ፣ እኔ አሁን ያለሁበት።»

ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል። አይሱዙው ጋ አንድ ሰው «ገመዱን ሳበው!» እያለ ይጮኻል።

«እትዬ?»

«ሙቁን» አሉ እትዬ የሻረግ በመጨረሻ። «ሙቁን ለውሻ ነው የደፋሁት። በንዴት።» በሩ ላይ አንዳች ነገር ለስለስ ብሎ ሲያርፍ ተሰማት፤ ግንባራቸው ይሁን መዳፋቸው ዚነት አታውቅም። «እኔ እኮ ሙስሊማ ተጸየፈችኝ ብዬ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን...»

«በሱቁ ይምጡ» አለች ዚነት። «በሱቁ አልማለም።»

«አባትሽ አለ አይደል?»

«አለ። እኔ እዚያ እጠብቅዎታለሁ።»

የጎማ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጠ ሲርቅ ሰማች። ወደ ሱቁ ይሁን ወደ ቤታቸው መለየት አልቻለችም። «ይቅር አልልሽም» ያለችው የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ አለ። ሮጣ ማድቤት ገብታ «እማ፣ አንድ ጥፋት አጠፋሁ» ማለት አማራት። አልሄደችም። ወደ ሱቁ ነው የሄደችው።

አባቷ በርጩማው ላይ ነበር፤ ክርኑም ቦታው ላይ።

«ወዴት ነው?»

«የትም» አለች ዚነት። «ሰው ልቀበል ነው።»

አባቷ ምን እንደምትል ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እትዬ የሻረግ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ነጠላቸው በዝናቡ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀይ ጭቃ ነው። ባዶ እጃቸውን ናቸው። ሳሙናውንም ኮረሪማውንም አላዩም፤ እሱን ብቻ ነው ያዩት።

«ጀማል» አሉ።

የጀማሉዲን ዐይን ከሴትዮዋ ወደ ልጁ ሄደ፣ ከልጁ ወደ ሴትዮዋ ተመለሰ። የመሐላው ነገር ከቤቱ እንደወጣ ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። ዚነት ይቆጣል ብላ ነበር የፈራችው። የተቆጣ ሰው ፊት ግን አይደለም፤ ያፈረ ሰው ፊት ነው። አባቷን እንዲህ አይታው ስለማታውቅ አሳዘናት፤ ኀዘኔታዋ ግን አላስቆማትም።

ሁለት እጆቿን በሳንቃዋ ሥር አስገባች።

«አባ፣ ክርንህን አንሳ።»

ይህን ብላው አታውቅም። ሁልጊዜ እሱ እስኪያነሳ ነበር የምትጠብቀው። አባቷ አልተንቀሳቀሰም፤ እሷም እጆቿን አላወጣችም። ዝናቡ ቢጠነክርም፣ ደንበኛ ቢመጣም፣ ቢመሽም ከዚህ አልነቃነቅም ብላለች በልቧ። የሳንቃዋ ጠርዝ መዳፏን ቆረጣት።

ከጓሮ በኩል የእናቷ ድምፅ መጣ። «ዚነት! ማነው የመጣው?»

ጀማሉዲን ያን ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ወረደ። ክርኑ ከሳንቃዋ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከበርጩማው ወረደና፣ ማንንም ሳያይ፣ የኮረሪማውን ጆንያ በሁለት እጁ ጎትቶ ከመተላለፊያው ገለል አደረገው።

ሳንቃዋ ከባድ ናት። ዚነት ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘቻት።

«ጎንበስ ይበሉ፣ እትዬ» አለች። «ራስዎን እንዳይመታዎት።»